የሦስት ሰው ሒሳብ

ይህ ነገር በጠቅላላው መቶ ሃምሳ አምስት ሺህ ብር ፈጅቶብኛል። ለምርመራ ሃያ ሁለት ሺህ፣ ለሁለት ጊዜ የአዲስ አበባ መንገድና አልጋ አሥራ አራት ሺህ፣ ሆስፒታሉ ከቀብዱ ላይ ያስቀረው አሥራ አምስት ሺህ፣ ለዱቄት ወተትና ለቪታሚን አራት ሺህ፣ ኋላ ለስኳር መርፌ ዘጠኝ ሺህ፣ ለሰደቃ ሦስት ሺህ፣ ከመጋዘኔ የተወሰደ ሃያ ኩንታል ማሾ ሰማንያ ስምንት ሺህ።

ቀዶ ጥገናው ግን አልተደረገም።

ልከፍለው እየቻልኩ ያልከፈልኩት አምስት ሺህ ብር ደግሞ አለ። እሱ ከላይ ያለው ሒሳብ ውስጥ አልገባም። ቦታው ሲደርስ እናገረዋለሁ።

እኔ መርሳ ላይ እህል ነጋዴ ነኝ። ማሾ እይዛለሁ፣ በሽንኩርት ጊዜ ሽንኩርት አስጭናለሁ። ትምህርቴ እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው፤ ከዚያ ወዲህ ያስተማረኝ አስፋልቱ ነው። አስፋልቱ ካስተማረኝ ሁሉ ዋናው ይህ ነው፦ የመጀመሪያ ዋጋ አይከፈልም። የመጀመሪያ ዋጋ የሚከፍል ወይ እንግዳ ነው፣ ወይ የሰው ገንዘብ የያዘ ነው። ዋጋ የሚወርደው ደግሞ በአፍ አይደለም፤ በጀርባ ነው። ተከራክረህ ተከራክረህ ቃል ሲያልቅብህ ጀርባህን ሰጥተህ ትሄዳለህ። ቀስ ብለህ፣ ግን እውነት የምትሄድ መስለህ። አሥር እርምጃ ሳትሞላ «ና እንግዲህ፣ ውሰደው» ትባላለህ። ካልተጠራህ ዋጋው የእውነት ነበር ማለት ነው፤ ያኔ የረሳኸው ዕቃ ያለ መስለህ ትመለሳለህ። በዚህ ሥራ ሠላሳ ዓመት ቆይቻለሁ፤ ከአፌ ይልቅ ጀርባዬ አትርፎልኛል።

ሚስቴ ግዙፍ ሴት ነበረች። ሳገባት ቀጭን ነበረች፤ በኛ አገር ሴት ስትወፍር ምስጋናው ለባሏ ነው፣ «አበላት» ይባላል፣ እኔም ምስጋናውን ያለ ሀፍረት ስቀበል ኖሬያለሁ። እንዲያውም ሥራ ሠርቶልኛል። የወረዳችን የሀብሩ ገበሬ ማሾውን በዱቤ ሲሰጠኝ የሚያየው እኔን አልነበረም፤ መጋዘኑ በር ላይ የተቀመጠችውን እሷን ነበር። «እንዲህ ያለች ሚስት ያለው ሰው አገር ጥሎ አይጠፋም» ይሉ ነበር። እውነታቸውን ነው፤ አልጠፋሁም።

ከዚያ ስኳር መጣ። ከስኳሩ በኋላ ጉልበቷ። መጀመሪያ በኪኒን ያዝነው፣ ኋላ በመርፌ። ከቤት እስከ አስፋልቱ ያለውን መንገድ ሦስት ጊዜ ቆማ ነበር የምትጨርሰው፤ ስትቆም ደግሞ ደከመኝ አትልም፣ ሰው ቤት ሰላም የምትል ትመስላለች። መንገድ ዳር ያለ ሰው ሁሉ በቀን ሁለት ጊዜ በደንብ ሰላም ይባል ነበር።

አንድ ቀን ግራና ከተማ የሚኖሩት አክስቷ ሞቱ። ለቅሶ ደርሰን ስንመለስ ቁልቁለቱ ላይ አዳለጣትና ወደቀች። እግሯ አበጠ፣ መነሳት አቃታት። የሰፈሩ ቅሬ ተጠራ። ሌላው አገር እድር የሚለውን እኛ ቅሬ እንለዋለን፤ የሞተ ይቀብራል፣ የታመመ በቃሬዛ ተሸክሞ መኪና መንገድ ያደርሳል። አራት ሰው ነው የሚይዘው፣ ተቀያሪ ከኋላ ይከተላል። አራቱ መጡ፣ ጎንበስ አሉ፣ ቃሬዛው ከመሬት አልተነሳም። ስምንት ሆኑ። እየተቀያየሩ ሲወርዱ ከኋላ ያለው ለጓደኛው፣ «አንተየ፣ ለዚችስ አንድ ቅሬ አይበቃትም፣ የጎረቤቱንም ጥራ» አለው።

ሰው ሁሉ ሳቀ። እሷም ሳቀች። ስትስቅ ቃሬዛው ተንቀጠቀጠ፣ አሳቃቸውና አስቀመጧት፣ እንደገና አነሷት። እኔም ሳቅሁ፤ አልክድም።

ቤት ከገባን በኋላ እራት አልበላም አለች። እኔ ከእግሯ መሰለኝ። ቆይታ፣ «ሰው ሲሞት ስንት ሰው ነው የሚሸከመው?» አለችኝ።

«አራት።»

«እኔን ስምንት ሊሸከሙኝ ነው። ተሸክመውኝም ይስቃሉ። በቁሜ ይሳቁ፣ ግድ የለኝም። ጀናዛዬ ላይ ግን እንዲስቁ አልፈልግም። አራት ሰው የሚችለኝ አድርገኝ።»

የፈለገችው ይህንን ብቻ ነበር። ከዚያ በኋላ የሆነው ሁሉ ይህን ፍለጋ ነው።

መንገዱን ያሳየችን ዓረብ አገር ያለችው አንድ ልጃችን ናት። አሠሪዋ ሆዷን አስቆርጣ ግማሽ ሆና መጥታ ነበር። በስልክ፣ «እማ፣ ከጨጓራው ቆርጠው ያወጡታል፣ ከዚያ መብላት ብትፈልጊም አትችይም» አለቻት።

ሚስቴ ስልኩን ይዛ ወደኔ ዞረች። «ሰምተሃል? ሰው ገንዘብ ከፍሎ የሚራብበት ቦታ አለ።»

ልጃችን ስትቀልድ አልነበረም። በሁለት ዓመት ያጠራቀመችውን መቶ ሺህ ብር ላከች።

ወልድያ ሄደን ሐኪም ስናማክር መጀመሪያ መመዘን አለባት ተባለ። ሚዛኑ መቶ ሃያ ላይ ያልቃል። ቀስቱ ጫፍ ደርሶ ቆመ፤ ነርሷ «ከ120 በላይ» ብላ ጻፈች። «ከዚህ በላይ» የሚባል ክብደት እኔ ገዝቼም ሸጬም አላውቅም። መርሳ እንደተመለስን መጋዘን ወስጄ የጆንያ ሚዛኑ ላይ አቆምኳት። መቶ ሠላሳ አራት።

«ጆንያውን ቀንስ» አለች።

በኛ ሥራ ለጆንያው አንድ ኪሎ ይነሳል። ለልብሷ አንድ ኪሎ አነሳሁላት። መቶ ሠላሳ ሦስት ብዬ ጻፍኩ።

አዲስ አበባ የሄድነው በታኅሣሥ ነው። ጦርነቱ ያኔ ከኛ በስተሰሜን ነበር፤ ድምፁን በሬዲዮ እንጂ በጆሮ አንሰማውም። ሐኪሙ ወጣት ነው፣ ትሑት ነው፣ ወረቀት ላይ ጨጓራ ሳለልን። ሦስት አራተኛውን ቆርጠን እናወጣለን፣ የቀረው እንደ ሙዝ ቀጥ ብሎ ይቀራል፣ በዓመት ውስጥ ዘጠና ኪሎ ትደርሳለች፣ ስኳሩም ይቀላል አለን።

«የሚወጣውን ማን ይወስደዋል?» አልኩት።

«ማለት?»

«ከፍዬበታለሁ። ቁራጩ የባለቤቱ ነው።»

ሚስቴ በክርኗ ጎሸመችኝ። ሐኪሙ ሳቀና ወደ ሒሳብ ክፍል ላከን።

ሒሳብ ክፍል ያለችው ልጅ ሁለት መቶ ሰማንያ ሺህ አለች። እኔ ዋጋ ስሰማ የምጠይቀው ውስጡ ምን እንዳለ ነው። ምርመራው አለበት? የለበትም፤ የልቡ፣ የደሙ፣ በጉሮሮ የሚገባው ካሜራ ለብቻ ነው። አልጋው? ሦስት ቀን አለበት፣ አራተኛው የለበትም። ቪታሚኑ? የለበትም። እስከ መቼ ትወስዳለች? እድሜ ልክ። ክትትሉስ? በወሩ፣ በሦስት ወሩ፣ በስድስት ወሩ፣ በዓመቱ፤ ካርዱ በየጊዜው ይከፈላል፣ ከመርሳ መምጫውም የራሳችሁ ነው።

«የተሰፋው ቢከፈትስ? ጽኑ ሕሙማን ክፍል ብትገባ?»

«እሱ በቀን ነው የሚታሰበው።»

«በማን ላይ?»

«በእርስዎ ላይ ነዋ ጋሼ።»

ይህን የመሰለ ንግድ አይቼ አላውቅም። የበሰበሰ ሽንኩርት ብሸጥ ገዢው መልሶ ፊቴ ላይ ይደፋዋል። እዚህ ዕቃው ቢበላሽም ገዢ ነው የሚከፍለው፣ ባይበላሽም ገዢ ነው የሚከፍለው፣ ይዞት የሚሄደው ዕቃ ደግሞ ይዞት ከመጣው ያነሰ ነው። ደመርኩት። ሁለት መቶ ሰማንያ የተባለው ነገር እግሩ ሲዘረጋ ሦስት መቶ ሃምሳ ነው።

«የመጨረሻውን ንገሪኝ» አልኳት።

«የመጨረሻው ነው ጋሼ። ይሄ ሱቅ አይደለም።»

«ገንዘብ የሚቀበል ሁሉ ሱቅ ነው።»

ሚስቴ ከኋላዬ፣ «ስንት ቀን ነው የምተኛው?» ብላ ጠየቀቻት። ድምፅዋ ውስጥ ጉጉቱ ይሰማል። ዘወር ብዬ «ዝም በይ፣ ዋጋ እያበላሸሽብኝ ነው» አልኳት። ከዚያ ጀርባዬን ሰጥቼ ወጣሁ። ኮሪደሩን ቀስ ብዬ ሄድኩ። አሥር እርምጃ፣ አሥራ አምስት፣ የጽዳት ሠራተኛዋን አለፍኩ፣ ደረጃው ጋ ደረስኩ። የጠራኝ የለም። ዞሬ ሳይ ሚስቴ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠች በሳቅ ትናወጣለች፣ ልጅቷ ሌላ ሰው እያስተናገደች ነው። መነጽሬን የረሳሁ መስዬ ተመለስኩ። መነጽር የለኝም።

ያኔ በእጄ ስድሳ ሺህ ነበር፣ የልጄ መቶ፣ መጋዘን ውስጥ ሃምሳ ኩንታል ማሾ። ማሾው በዚያ ሳምንት ዋጋ መቶ ሰማንያ ያወጣል። ሲደመር ሦስት መቶ አርባ። አሥር ሺህ ይጎድላል፤ አሥር ሺህ ደግሞ የሚያበድረኝ ሰው አላጣም ነበር። ማሾው ቢሸጥ ቀዶ ጥገናው በጥር ያልቅ ነበር።

ግን ማሾ ወደ ክረምት ይወደዳል። ይህን የማያውቅ ነጋዴ የለም። ሰኔ ድረስ ብይዘው ከነትርፉ ይወጣል፣ ቪታሚኑም ከዚያ ይከፈላል ብዬ አሰብኩ። ሚስቴን ነገርኳት።

«እኔም በየቀኑ እየጨመርኩ ነው» አለችኝ። «የሚቆርጡት በኪሎ ከሆነ ትከስራለህ።»

«አብሽሪ፣ ሰኔ ቅርብ ነው።»

ሰኔ ላይ ሃምሳው ኩንታል በዋጋ አርባ ሺህ ብር ጨመረ። ገንዘብ ይዘን አዲስ አበባ ስንደርስ ያቺው ልጅ ሦስት መቶ ሠላሳ አለችን። የሚሰፋበት መሣሪያ ከውጭ ነው የሚገባው፣ ዶላር ጨምሯል። እኔ ማሾዬን ስጠብቅ እነሱ ዶላራቸውን ይጠብቁ ነበር። አርባ አትርፌ ሃምሳ ከሰርኩ። በዚያን ቀን ጀርባዬን አልሰጠሁም፣ ግን ልማድ አይለቅም፤ ሁሉንም ማሾ አልሸጥኩትም ነበር። ሠላሳውን ብቻ ሸጬ ሃያውን ትንሽ ይጨምር ብዬ አስቀርቼዋለሁ። ምርመራውን አስጨረስን፣ መቶ ሃምሳ ሺህ ቀብድ ከፈልን፣ ቀጠሮው ነሐሴ አጋማሽ ሆነ። እስከዚያ ስኳሯ እንዲወርድ፣ እሷም ጥቂት እንድትቀንስ ተባለ።

ያቺ ሐምሌ በትዳራችን ካየኋቸው ወራት የተለየች ነበረች። በየማለዳው ከፈጅር በኋላ አስፋልት ድረስ ትሄድና ትመለሳለች። መጀመሪያ ሦስት ጊዜ ትቆም ነበር፣ ኋላ ሁለት ጊዜ። የዱቄቱን ወተት በውኃ በጥብጣ ስትጠጣ ፊቷን ታጨማድዳለች፤ «ለጥጃ ነው የሚሰጠው ይሄ» ትላለች፣ ግን ትጠጣለች። አርብ አርብ ሚዛኑ ላይ ትወጣለች። «ጆንያውን ቀንስ።» መቶ ሠላሳ። መቶ ሃያ ስምንት። የቀጠሮውን ወረቀት ቁርአኑ የሚቀመጥበት መደርደሪያ ላይ ሰካችው።

ሐምሌ ሳይወጣ በመርሳ አስፋልት ላይ ሰው በእግሩ መጉረፍ ጀመረ። መጀመሪያ የቆቦ ሰው ነው፣ ከዚያ የወልድያ። በሲሪንቃ በኩል ልጅ አዝለው፣ ፍራሽ ተሸክመው ይመጣሉ፤ ውኃ እንሰጣቸዋለን፣ «እናንተስ?» ይሉናል። እኛ ቀጠሮ አለን። ሚስቴ በሩ ላይ ተቀምጣ ታያቸዋለች። አንድ ቀን፣ «እንዴት እንደሚሄዱ አየሃቸው?» አለችኝ። የምታየው እግራቸውን ነበር።

ወልድያ ተያዘች በተባለ ማግስት መርሳም መውጣት ጀመረች። ባንክ ተዘግቷል። ባጃጆቹ ቤንዚን አጥተው ቆመዋል፣ የፈረስ ጋሪዎቹ በማለዳ ሞልተው ሄደዋል። ወገቤ ላይ አርባ ሺህ ብር አስሬያለሁ። ሚስቴን አስፋልት ዳር ጆንያ ላይ አስቀምጬ መኪና ስፈልግ አንድ አይሱዙ መጣ። ሰው ጭኖ ወደ ደሴ ነው። ሾፌሩ ሞተሩን ሳያጠፋ አንገቱን አወጣ።

«ለሰው አምስት ሺህ። ቶሎ በሉ።»

አምስት ሺህ ያለ ልኩ ዋጋ ነው፣ ግን ጊዜው ነው። «እኔና እሷ» አልኩት።

ሚስቴን አያት። ከላይ እስከ ታች አያት፣ እኔ ጆንያ እንደማየው። «ለሷ የሦስት ሰው ክፈል። የሦስት ሰው ቦታ ነው የምትይዘው።»

ከላይ የተጫኑት ሰዎች ሰምተዋል። እሷም ሰምታለች።

«ሰው እኮ ናት፣ ኩንታል አይደለችም» አልኩት።

«እኔ ደግሞ በቦታ ነው የምጭነው ወንድምዓለም። የሦስት።»

«የሁለት እከፍላለሁ።»

«የሦስት።»

«ክፈለው» አለች ከኋላዬ። ቀስ ብላ ነው ያለችው።

ዘወር ብዬ፣ «ዝም በይ፣ ዋጋ እያበላሸሽብኝ ነው» አልኳት።

ከዚያ ጀርባዬን ሰጠሁት።

ስለሷ ክብር ነው ያደረግሁት ብዬ ለራሴ ብዙ ጊዜ ነግሬዋለሁ። ትንሽ እውነት አለበት፤ ሰው ፊት በሦስት ሰው ስትቆጠር አስቆጥቶኛል። የቀረው ግን ልማድ ነው። እጄ እንደሚያደርገው፣ እግሬ እንደሚያውቀው፣ ቀስ ብዬ፣ እውነት የምሄድ መስዬ ሄድኩ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። «ና እንግዲህ» የሚለውን እየጠበቅሁ ነው። ስድስተኛው እርምጃ ላይ ማርሽ ሲገባ ሰማሁ። ስዞር አይሱዙው ሃምሳ ሜትር ርቋል። ሮጥኩ። ገንዘቡን ከወገቤ አውጥቼ እያውለበለብኩ ሮጥኩ፣ «ሦስቱን እከፍላለሁ፣ አራት እከፍላለሁ» እያልኩ። ከላይ ካሉት አንዷ ሴት የመኪናውን ጎን በእጇ ደበደበችልኝ። ሾፌሩ አልሰማም፤ ወይ ሰምቷል።

በሦስት ሰውና በሁለት ሰው መካከል ያለው ልዩነት አምስት ሺህ ብር ነው። ያልከፈልኩት እሱ ነው።

ሌላ መኪና እስከ አሥር ሰዓት ጠበቅን። አልመጣም። የቅሬያችን አባት፣ ሽማግሌ ሰው፣ የራሳቸውን ልጆች አሳፍረው እሳቸው ቀርተው ነበር፤ ከየቤቱ ሰባት ወንዶች አሰባስበው ቃሬዛ ይዘው መጡ። እኔ ስምንተኛ ሆንኩ። ተሸክመናት ወደ ውርጌሳ አቅጣጫ ወጣን። ከተማው ጫፍ ሳንደርስ ሁለት ጊዜ አስቀመጥናት። ከኋላችን የከባድ መሣሪያ ድምፅ ይሰማል፤ የተሸካሚዎቹ ዓይን ከፊት እየሄደ ያለው ቤተሰባቸው ላይ ነው። በሦስተኛው ስናስቀምጣት አንገቷን ቀና አደረገች።

«አባባ፣ ይመልሱኝ» አለቻቸው።

«ምን ማለትሽ ነው ልጄ? እናደርስሻለን ኢንሻአላህ።»

«የት ያደርሱኛል? ደሴ? እነዚህ ልጆች ሚስት አላቸው። በኔ ምክንያት አንዱ ቢመታ ቀብሬ ላይ የሚቆም አላገኝም። ወደ ቤቴ ይመልሱኝ።»

ሽማግሌው እኔን አዩኝ። እኔ መሬት አየሁ። መለሷትና በራችን ላይ አስቀመጧት፤ አንድ በአንድ እጇን እየሳሙ «አውፍ በይን» ብለው ሄዱ። ሽማግሌው ግን አልሄዱም፤ «እኔም ጉልበት የለኝም» አሉ።

መርሳ ተያዘች። ማን ያዛት፣ ማን ለቀቃት የሚለውን ሌላ ሰው ይጻፈው፤ እኔ የማውቀው መጋዘኔን ነው። በሦስተኛው ቀን ተከፈተ፣ ሃያው ኩንታል ወጣ። ሚዛኑ ከባድ ስለሆነ ትተውት ሄዱ። መብራት የለም፣ ስልክ የለም፣ መድኃኒት ቤቶቹ ባዶ ናቸው። የነበራትን መርፌ እርጥብ አሸዋ ላይ እንስራ አስቀምጬ ውስጡ ከተትኩት። የሦስት ሳምንት ነበር፤ እየቀነሰች በመውጋት ስድስት ሳምንት አደረገችው። ካለቀ በኋላ አንድ ሰው በየት እንዳመጣው አላህ የሚያውቀው ሦስት ብልቃጥ ይዞ መጣ። አንዱን ሦስት ሺህ አለኝ።

የጠራውን ከፈልኩ። በሕይወቴ የመጀመሪያ ዋጋ የከፈልኩት ያን ጊዜ ነው። እሱም ገርሞት ብሩን ሁለት ጊዜ ቆጠረው። ሁለቱ ሠሩ። ሦስተኛው በፀሐይ የዋለ ይሁን ውኃ ይሁን እንጃ፣ ምንም አልለወጠም።

እየከሳች ሄደች። በምግብ እጦት ብቻ አይደለም፤ ስኳሩ ራሱ ይበላታል። ውኃ ትጠጣለች፣ ትሸናለች፣ እንደገና ትጠጣለች። ጎረቤት የቀሩት ሴቶች ሊጠይቋት ሲመጡ ምን እንደሚሉ ጠፍቷቸው «አማረብሽ እኮ» ይሏታል። «ገንዘብ ሳንከፍል» ትላቸዋለች። ቀሚሷን በመቀነት ሁለት ዙር ታስረዋለች። ጉልበቷ ቀለላት፤ ከአልጋ እስከ በር ያለ ድጋፍ ትሄዳለች፣ ከበሩ ማለፍ ግን አቅም የላትም። መንገዱ ሲቻል አቅሙ ጠፋ።

ስለ አይሱዙው አንድም ቀን አልተነጋገርንም። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ዝናቡ አባርቶ በሩ ላይ ተቀምጠን፣ እኔ «ያን ቀን…» ብዬ ጀመርኩ።

«ተወው» አለች። «ልማድህ ነው።»

ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ጥቅምት ላይ አንድ አርብ ወደ መጋዘን ውሰደኝ አለች። ወለሉ ላይ የተበተነ ማሾ አለ፣ ዶሮ ገብታ ትለቅማለች። ሚዛኑ ላይ ወጣች። ዘጠና አንድ።

«ጆንያውን ቀንስ።»

«ዘጠና።»

«ሐኪሙ ስንት ነበር ያለው?»

«ዘጠና።»

«በዓመት ብሎ ነበር። ደረስኩ። እንግዲህ ቀብድህን አስመልስ።» ከሚዛኑ ስትወርድ ትከሻዬን ያዘች። እጇ ምንም ክብደት አልነበረውም።

ከዚያ በኋላ አሥራ አንድ ቀን ኖረች። የመጨረሻዎቹ ሁለት ቀናት ትንፋሿ እንደ በሰለ ፓፓያ ይሸት ነበር፣ ስትተነፍስ ሩጫ ላይ ያለች ትመስላለች። በጧት፣ ውኃ ላመጣላት ዘወር ስል ሞተች።

መሸሻው ሁሉ ሲዘጋ ከሄዱት አንዳንዶቹ ተመልሰው ስለነበር ለቃሬዛ የሚሆን ሰው ተገኘ። የቅሬው አባት ስምንት ሰው ጠርተው ነበር፤ የድሮውን ክብደት አስበው ነው። አራቱ ገቡና አነሷት። የቀሩት አራት ተቀያሪ ሆነው ከኋላ ተከተሉ። እስከ መቃብር ድረስ አንድም ሰው አልተቀየረም። አንድም ሰው አልሳቀም።

የፈለገችው ይህን ነበር። ከቃሬዛው ኋላ እየሄድኩ ደስ ይላት ነበር ብዬ ላስብ ሞከርኩ። አልሆነልኝም።

ጦርነቱ ነው የገደላት የሚሉኝ አሉ። የቅሬው አባት «ቀኗ ደርሶ ነው፣ የአላህን ሥራ በራስህ ላይ አታድርግ» ይሉኛል። ሁለቱንም እሰማለሁ። ግን አይሱዙው ደሴ ደርሷል፤ አጣርቻለሁ። በዚያ መኪና ላይ የነበረች አንዲት ሴት በሳምንቱ አዲስ አበባ ልጇ ቤት ገብታለች። ቀጠሮው ነሐሴ አጋማሽ ነበር። በጥር ብሸጥ ኖሮ ደግሞ አይሱዙም አያስፈልግም ነበር። እኔ መደመር አውቃለሁ።

ታኅሣሥ ላይ ስልክ ሲመለስ መጀመሪያ የደወለችው ልጄ ናት። ለአራት ወር ስትሞክር ኖራለች።

«አባ! አልሐምዱሊላህ። እማን አቅርብልኝ።»

ስልኩን ወደ ሌላው ጆሮዬ አዞርኩ።

«ኦፕራሲዮኑ ተደረገላት? ከሳች?»

«ከስታ ነበር» አልኳት። ከዚያ ነገርኳት። ልቅሶዋ ሲበርድ በምን ሞተች ብላ ጠየቀችኝ፣ በስኳር አልኳት። ስለ መኪናው አልነገርኳትም። ይህን ካነበበች እዚህ ላይ ታገኘዋለች።

መንገድ ሲከፈት የጭነት መኪና ለምኜ አዲስ አበባ ገባሁ። ያቺው ልጅ ናት ሒሳብ ክፍል የተቀመጠችው። የቀጠሮውን ወረቀት ሰጠኋት። ባለቤትዎስ አለችኝ፣ ነገርኳት፣ ነፍስ ይማር አለች፣ ኮምፒውተሩን ነካካች። መቶ ሠላሳ አምስት ሺህ ይመለሳል፣ አሥራ አምስት ሺህ ለቦታ መያዣና ለፋይል ይቀራል አለችኝ፤ ይህን ስትል እንደምከራከራት ጠብቃ ትከሻዋን ሰብሰብ አድርጋ ነበር። አልተከራከርኩም። ፈርሜ ጀርባዬን ሰጥቼ ወጣሁ።

ኮሪደሩ መሃል ስደርስ «ጋሼ! ጋሼ፣ ይመለሱ» አለች።

ቆምኩ። ግድግዳውን ያዝኩ።

«ደረሰኝዎን ረስተው ነው» አለች፣ ይዛልኝ መጣች።

ደረሰኙ እዚህ አለ፤ የላይኛውን ሒሳብ የጻፍኩት ከሱ ጋር አስተያይቼ ነው። በጦርነቱ ጊዜ ለቀለብ ያወጣነውን አልቆጠርኩም፤ ብዙም አልነበረም።

የልጄ መቶ ሺህ፣ የኔ ስድሳ ሺህ፣ ከሠላሳ ኩንታል ማሾ መቶ ሠላሳ ሁለት ሺህ። ገቢ ሁለት መቶ ዘጠና ሁለት ሺህ። በጥሬ ገንዘብ የወጣ ስድሳ ሰባት ሺህ። ቀሪ ሁለት መቶ ሃያ አምስት ሺህ ብር። መቶው የልጄ ነው፤ መቶ ሃያ አምስቱ የኔ።